ድንኳኑ ለምን ይዘገያል?

ኦቦ አመዩ ከጊንጪ ገበያ ወደ አምቦ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ከከተማው ወጣ እንዳለ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየና ረዳቱን ሰደበ፤ ረዳቱ ጎማ ጠጋኙን ሰደበ፤ ተሳፋሪው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰደበ። ጎማው ግን በስድብ የሚነፋ ዓይነት አልሆነም። ወሩ ሐምሌ ነው። ለጤፍ የታረሰው የደንዲ መሬት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተንጣሏል፤ ሰማዩም እንደ ጭስ ቤት ጣራ ጠቁሯል። ሰው ሁሉ ተመልሶ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀመጠ።

ኦቦ አመዩ ጭናቸው ላይ የተጠቀለለ አዲስ ገመድ ይዘዋል። በጉብዝናቸው ዘመን የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው በአምቦ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለው ሠፈር እድር ዳኛ ናቸው። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ትዕግሥታቸው አጭር ነው። የእድሩ አባል ሁሉ ያከብራቸዋል፤ ግማሹ ደግሞ ይፈራቸዋል።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ አመዩ?» የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ ከኋላቸው ሰሙ።

ዞር ቢሉ ድንቅቱ ናት፤ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ባየሽ ልጅ። አዲስ አበባ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሆና ብዙ ዓመት ሠርታ፣ እናቷ ብቻቸውን መኖራቸው ስላሳሰባት በቅርቡ ወደ አምቦ ተመልሳለች። አሁን የጤና ጣቢያ ጸሐፊ ናት።

«ነጋ ነው ልጄ። ይህ ሰላም ከተባለ» አሉ ኦቦ አመዩ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

«ይህን ሁሉ ገመድ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«የእድሩን ኮሚቴ ባስርበት ደስ ባለኝ!» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። «የኦቦ ቀንዓ ቀብር ዕለት አልነበርሽም። እኛ ከመቃብር ስንመለስ ድንኳኑ ገና አልተተከለም። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ባለቤቱ ጉዴ፣ ያቺ የተከበረች ሴት፣ በሰው ቤት ጣራ ሥር ተጠግታ ቆመች። ለቀስተኛው ነጠላውን እየጨመቀ ወደየቤቱ ሄደ። እድር ማለት ይኼ ነው?»

«አዝናለሁ አባባ። ጥፋቱ የማን ሆነ?»

«የፉፋ ነዋ! ዕቃ ቤት ጠባቂያችን ነው። እግሩ ከመሬት አይላቀቅም። ከሱ በፊት ዳዲ ነበር፤ ዳተኛ ነው ብለን ሻርነው።»

«ፉፋ ሲሾም ድንኳኑ ፈጠነ?»

«የት ይፈጥናል!»

«ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?»

«ድንኳኑ አርጅቶ ከብዷል ተባለና አዲስ አሰፋን።»

«ፈጠነ?»

ኦቦ አመዩ ገመዱን ጭናቸው ላይ አገላበጡት። ጥያቄው የፍርድ ቤት ጥያቄ መሰላቸው። «አሁን ደግሞ ገመዱ በስብሷል፣ እየተበጠሰ ነው የሚያዘገየን ብለው ጸሐፊያችን አቶ ወሰኑ በቃለ ጉባኤ አስወሰኑ። እኔም ይኸው ገመድ ፍለጋ ጊንጪ ድረስ መጣሁ።»

ድንቅቱ ገመዱን በጣቷ ነካ አደረገችው። «አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፉፋ ዕቃ ቤቱን ከከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ድንኳኑ እስኪቆም ድረስ አብሮት ሆኖ ያየ ሰው አለ?»

«ምኑ ይታያል? ድንኳን ማውጣት ምን ጥበብ አለው?»

«እኛም ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያ እንል ነበር» አለች። «ብርድ ልብሱ ጠርዙ እየተተረተረ ይወጣል። ሸማኔዎቹን ቀጣን፤ መተርተሩን አልተወም። ሰዎቹን ከፈረቃ ፈረቃ አዛወርን፤ አልተወም። በመጨረሻ ‹ጥራት የሠራተኛው ክብር ነው› የሚል መፈክር ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጻፍን። ብርድ ልብሱ ግን ማንበብ አይችልም።»

ኦቦ አመዩ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«ኋላ አቶ ጥሩሰው የሚባሉ የጥገና ኃላፊ መጡ። ‹ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ሂዱና እዩ› አሉን። ብርድ ልብሱን ከሽመናው ጀምረን እየተከተልን ሄድን። ለካ ወደ ስፌት ሲሄድ የሚጎተትበት ጠረጴዛ ጠርዙ ሻክሮ ኖሯል! አንዱን ጠረጴዛ ብቻ ቆርቆሮ አለበስነው። ሰነበትንና አየን፤ በዚያ ጠረጴዛ ያለፈው ብርድ ልብስ ደህና ሆኖ ወጣ። ሌሎቹንም አለበስን። ወዲያው ሌላ ጉድለት ብቅ አለ፤ እሱንም እንደዚያው አደረግን። ማቀድ፣ መሞከር፣ ማየት፣ ማረም፤ ከዚያ እንደገና ማቀድ ነው። ነገሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው አባባ፤ ካልዞረ አይፈጭም።»

«እቅድ!» አሉ ኦቦ አመዩ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። «ስለ እቅድ እንኳ አታውሪኝ። በዚህ ዘመን የጠፋው እቅድ ነው? ቀበሌው እቅድ፣ አውራጃው እቅድ፣ የገበሬ ማኅበሩ እቅድ! የእቅዱን ያህል እህል ቢኖረን ጠግበን ባደርን።»

«እቅዱማ አልጠፋም። የጠፋው ዞሮ ማየቱ ነው።»

«እሺ ይሁን። ግን ፋብሪካና ለቅሶ አንድ ነው? ብርድ ልብስ ቢበላሽ ይጣላል። ሰው የሚሞተው አንዴ ነው። አንቺ በሰው ሐዘን ላይ ሙከራ አድርጉ ነው የምትይኝ?»

ይህ የኦቦ አመዩ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ድንቅቱም ቀላል አድርጋ አላየችውም። ጥቂት አሰበችና በለሆሳስ እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ እስካሁንስ ስትሞክሩ አልነበረም? ዳዲን መሻራችሁ ሙከራ ነው። አዲሱ ድንኳን ሙከራ ነው። ይህ ገመድም ሙከራ ነው። የሁሉም ዋጋ የተከፈለው በሰው ሐዘን ላይ ነው። ልዩነቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መሞከራችሁ ነው።»

ኦቦ አመዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጎማው ተቀይሮ አምቦ እስኪገቡ ድረስም ወደ እሷ አልመለሱትም። ሰው እውነት ሲነገረው አስቀድሞ የሚጣላው ከነጋሪው ጋር ነው፤ ነጋሪው ልጅ ሲሆን ደግሞ ጠቡ ይበረታል። «አንገቷ ላይ ማተብ ያሰርንላት ልጅ እኔን ዓይንህን ጨፍነሃል ትበለኝ!» እያሉ ገመዱን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ገቡ።

የእሑዱ የእድር ስብሰባ እንደወትሮው ረዘመ። ዘመኑ ሰው ከሚሠራው የሚሰበሰበው የበዛበት ዘመን ነበር። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ወሰኑ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ ቃለ ጉባኤ ማንበብ እንደ ቅኔ የሚጥማቸው ሰው ናቸው። «አዲስ ገመድ በመገዛቱ የድንኳን መዘግየት ችግር ከሥር መሠረቱ ተወግዷል» ብለው አነበቡ። ፉፋም ቆሞ ሂስ ተቀበለ። ፉፋ አንገቱን ደፍቶ «እሻሻላለሁ» አለ። በምን እንደሚሻሻል የጠየቀው የለም።

ሐምሌ ሳይወጣ ኦቦ ኩምሳ የተባሉ ልብስ ሰፊ ሞቱ።

ገመዱ አዲስ ነው። ድንኳኑ አዲስ ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂውም ሂስ የተቀበለ ነው። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ግን ሁለት ምሰሶ ብቻ ቆሞ፣ ፉፋ በጭቃ ተለውሶ ሦስተኛውን ሲጎትት ደረሰ። ዝናቡም እንደተቀጠረ ሁሉ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ። የሟቹ ልጆች በዝናብ ውስጥ ተሰልፈው «እግዜር ያጥናችሁ» ሲባሉ እንባቸውና ዝናቡ አልለይ አለ።

ኦቦ አመዩ መሐል ሜዳ ላይ ቆሙ። መቆጣት ፈለጉ፤ ማንን እንደሚቆጡ ግን ጠፋባቸው። ፉፋን ተቆጥተዋል፤ ዳዲን ሽረዋል፤ ገመዱን ገዝተዋል። ከእንግዲህ የቀረው ዝናቡን መሻር ብቻ ነበር። ዓይናቸውን ሲያነሱ ድንቅቱ ከእናቷ ጎን ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋ ይበልጥ አናደዳቸው።

«ምን ታይኛለሽ?» አሏት ቀረብ ብለው። «ተናገሪ እንጂ! ነግሬዎት ነበር በይኛ!»

«ምንም አላልኩም አባባ።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ! በይ፣ ምን ይደረግ?»

«ሌላ ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለብንም» አለች ድንቅቱ። «ማንም ባላዘነበት ቀን ፉፋ ድንኳኑን ያውጣና ይትከል፤ እርስዎ ቆመው ይዩ። አይዘዙ፣ አይቆጡ፤ ይዩ ብቻ።»

አቶ ወሰኑ ይህን ሲሰሙ ጠጋ አሉ። «ሰው ሳይሞት የሐዘን ድንኳን መትከል? ሟርት ነው! ዳኛ፣ ይህን ነገር በቃለ ጉባኤ አላሰፍርም።»

«አያስፍሩት» አሉ ኦቦ አመዩ። «ስንት ያሰፈርነውስ መቼ ሆነልን?»

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ማለዳ የእድሩ ዕቃ ቤት ተከፈተ። ኦቦ አመዩ ዱላቸውን ተመርኩዘው በር ላይ ቆሙ። ፉፋ ገባ። መጀመሪያ ብረት ድስቶቹን አወጣ፤ ከድስቶቹ ቀጥሎ የውሃ በርሜሉን፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ከዚያ ማገዶውን። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ሲመላለስ ኦቦ አመዩ ብዙ ጊዜ «ፍጠን!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። በመጨረሻ ከሁሉም ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የድንኳኑ ሸራና ምሰሶ ወጣ።

ይህን ጊዜ የሠፈሩ ሴቶች ድንኳን መውጣቱን አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። «ውይ! ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ሂዱ ወደየቤታችሁ!» ብለው ጮኹ ኦቦ አመዩ።

«ታዲያ ድንኳኑ ምንድን ነው?»

«እያየሁት ነው!»

ሴቶቹ ተያዩ። የዳኛው ነገር አሳሰባቸውና ቀስ እያሉ ተመለሱ።

ኦቦ አመዩ ከተቆለለው ዕቃ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ፉፋ፣ ድንኳኑ ለምንድን ነው ከሁሉም ሥር ያለው?»

«ሐዘን ሲያበቃ መጀመሪያ የሚፈርሰው ድንኳኑ ነው አባባ። እሱ ቀድሞ ይገባል። ወንበሩ በኋላ ይመለሳል። ድስቱ ደግሞ ሴቶቹ አጥበው ሲጨርሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ከላይ ይደረባል።»

«ስለዚህ ቀድሞ የምንፈልገው ዕቃ መጨረሻ የሚወጣው ነው ማለት ነው!»

«ዕቃ ቤቱን ስረከብም እንዲህ ነበር። ዳዲም እንዲሁ ነው ያደረገው።»

ኦቦ አመዩ ጭንቅላታቸውን ያዙ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ተረት በራሳቸው እድር ላይ ሲፈጸም ኖሯል። ቅጣቱ፣ ሹም ሽሩ፣ አዲሱ ሸራ፣ የጊንጪው ገመድ፤ ይህ ሁሉ የዕቃ አደራረብ ነገር ሆኖ ተገኘ። አሥር እርምጃ ተራምዶ በሩ ላይ የቆመ ሰው አንድ ማለዳ ያየውን፣ ስብሰባው በስንት ወር አላየውም።

«በሉ ሁሉንም እንለውጠው!» አሉ ብድግ ብለው። «ወንበሩንም፣ ድስቱንም፣ ደንቡንም!»

«አይሆንም አባባ» አለች አብራቸው ስታይ የቆየችው ድንቅቱ። «ሁሉን ባንዴ ከለወጥን የትኛው እንደጠቀመ የትኛው እንደጎዳ በምን እናውቃለን? ለድንኳኑ ብቻ በሩ አጠገብ የእንጨት ቆጥ ይሠራለት። ሌላው ባለበት ይቆይ። ከዚያ እንይ።»

ቆጡ ተሠራ። ነሐሴ እኩሌታ ላይ አንዲት አሮጊት ሲያርፉ ለቀስተኛው ሬሳውን ይዞ ሳይወጣ ድንኳኑ ቆመ። ኦቦ አመዩ በዚያ ዕድሜያቸው ሊቦርቁ ምንም አልቀራቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንቅቱ ፉፋንና ወጥ የሠሩትን ሴቶች ሰብስባ «ምን አስበን ነበር? ምን ሆነ?» ብላ ስትጠይቅ ግን ሴቶቹ አጉረመረሙ። ለቆጡ ቦታ ለመልቀቅ ድስቶቹ ወደ ዕቃ ቤቱ ጥግ ተገፍተው ኖሮ ምሳው ዘገየ። ድስቱ በግራው ግድግዳ እንዲሰቀል ተስማሙ። በሚቀጥለው ሐዘን ድንኳኑም ምሳውም በጊዜው ደረሰ።

በጳጉሜን ስብሰባ አቶ ወሰኑ ብዕራቸውን ነቀሉ። ሟርት ነው ያሉትን ረስተውታል። «የድንኳን ጉዳይ በተሟላ ድል ስለተጠናቀቀ አጀንዳው እንዲዘጋ» ብለው አነበቡ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ድንቅቱ እጇን አወጣች። «ሥራው ደህና ሆኗል፤ ደስ ይላል። ከየሐዘኑ በኋላ ተቀምጦ ማየቱ ግን ይቀጥል።»

«ልጄ» አሉ ኦቦ አመዩ እንደ መሳቅ ብለው፣ «የዳነ ሰው መድኃኒት ይወስዳል? ተይ እንረፍበት።»

«መድኃኒት አይደለም አባባ፤ መታጠብ ነው። ትናንት የታጠበ ሰው ዛሬም ይታጠባል።»

ሰው ሳቀ። አጀንዳው ተዘጋ። ኦቦ አመዩ በዚያች ሰዓት ድንቅቱን እንደ አዋቂ ሳይሆን እንደ ነዝናዛ አዩአት፤ ሥራው ከሠመረ በኋላ ምክር የሚሰማ ጆሮ ይደነዝዛልና።

መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነበር። ቀበሌው ለአደባባዩ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ጠይቆ ወሰደ። ማምሻውን ዝናብ እያባረራቸው የመለሱት ሰዎች ወንበሩን ከበሩ ጀምረው እስከ ጣራው ከመሩት። ቆጡ ከወንበሩ ኋላ ቀረ። ፉፋ ወደ ጉደር ለእህቱ ልጅ ሠርግ ሄዶ ነበር፤ ሲመለስም «ማን ሰው ሞተና» ብሎ ነገ ከነገ ወዲያ ሲል ሰነበተ። የሚጠይቀው አልነበረም። አጀንዳው ተዘግቷላ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ወጣ ተብሎ ሰው ልቡን ሲጥል፣ ወይዘሮ ባየሽ ማለዳ ለቤተ ክርስቲያን ሲዘጋጁ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

የዚያን ቀን የሆነውን ኦቦ አመዩ እስኪሞቱ አይረሱትም። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ወንበሩ እንደ ግንብ ተጋረጠ። ከቀብር ሲመለሱ የመጨረሻው የክረምት ዝናብ ከበረዶ ጋር ወረደ። ባየሽ የታመመ ጎረቤትን ሁሉ ሲያስታምሙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለቀስተኛው ከሁሉም አቅጣጫ መጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በጭቃ ውስጥ ቆመ፤ ግማሹ ድንቅቱን ሳያጽናና ተመለሰ። ከኋላም አንድ ሹክሹክታ ተነሣ። «ሰው ሳይሞት ድንኳን አስተከለች፤ ይኸው በእናቷ ደረሰ።»

ኦቦ አመዩ በማግስቱ ማምሻ ላይ ወደ ድንቅቱ ቤት ሄዱ። መሬት ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ድንኳኑ…»

«አባባ፣ እባክዎ!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም። «ዛሬ ስለ ድንኳን አያውሩኝ! እናቴ የዚህን ሠፈር ሰው ሁሉ በየቤቱ ሄዳ አጽናናች። ለእሷ ሊያለቅስ የመጣ ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ ዋለ። ስነግራችሁ ሳቃችሁብኝ። አሁን ደግሞ በሟርቴ እናቴን እንደገደልኳት ይወራል። ደክሞኛል። አንድ ነገር ይዞ መቀጠል ለሰው ለምን እንዲህ ይከብደዋል?»

ኦቦ አመዩ የመንገድ ሥራ ፎርማን ሳሉ የሠሩት ድልድይ በጎርፍ ተወስዶ ያውቅ እንደሆነ ራሳቸውን ጠየቁ። አልተወሰደም። ለምን? በየክረምቱ መጨረሻ እየሄዱ ያዩት ነበራ! ለድልድይ ያደረጉትን ለሰው ሐዘን ነፍገዋል።

«እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ እዘኚ። የቀረውን እኔ እሠራዋለሁ።»

«ይሠሩታል?» አለች ቀና ሳትል።

«እሠራዋለሁ።»

ጠቅላላ ጉባኤው ሲሰበሰብ አቶ ወሰኑ ወረቀታቸውን ዘርግተው ጠበቁ። «አንደኛ፣ ፉፋ ከኃላፊነቱ ይነሣ። ሁለተኛ፣ ለቀበሌው ወንበር ያዋሰው ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል በደንባችን ይከልከል።»

«አቶ ወሰኑ» አሉ ኦቦ አመዩ፣ «እስቲ ያችን ወረቀት ለአፍታ ያስቀምጡልኝ።»

«ምነው ዳኛ? ጥፋተኛ ሳይቀጣ ሥርዓት ይኖራል?»

«ዳዲን ቀጣን፤ ድንኳኑ ፈጠነ?»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ፉፋን ቀጣን፤ ፈጠነ? አይመልሱልኝም እንዴ? ድንኳኑ የፈጠነው መቼ ነው? ሄደን ያየን ጊዜ ነው። የዘገየውስ? ማየቱን የተውን ጊዜ። እንዲተው የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ ያጨበጨባችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ልጅቱ ብቻዋን አትተዉ አለች። ዋጋው የተከፈለው በእናቷ ሐዘን ሆነ። ስለ ሟርቱም ልንገራችሁ። ባየሽ የሞተችው በልቧ ሕመም ነው፤ ሐኪሙን ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ሟርት ካለ፣ ሟርቱ ያየነውን ችግር ‹ተዘግቷል› ብሎ መጻፍ ነው!»

አቶ ወሰኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ ዳኛ፤ ታዲያ እስከ መቼ ነው ይህ ነገር? አንድ ሥራ መጨረሻ የለውም?»

«ሰው መሞቱን ሲተው ያልቃል» አሉ ኦቦ አመዩ። «እስከዚያው እንዲህ ነው የምንሠራው። ሐዘን ባለፈ በሦስተኛው ቀን የሠራ ሁሉ ይቀመጣል። ወጥ የሠራችም፣ ምሰሶ የያዘም፣ ጥሩምባ የነፋም። ‹ማን አጠፋ?› ተብሎ አይጠየቅም። ‹ምን አስበን ነበር? ምን ሆነ? ምን እንለውጥ?› ነው የሚባለው። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ይሞከራል፤ ይታያል። ከጠቀመ ልማድ ይሆናል፤ ካልጠቀመ ይጣላል። ሰው ባልሞተበት ወርም ቢሆን ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ይታያል፤ እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ።»

«ጥቅሙስ?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ። «ከስብሰባ ላይ ስብሰባ መጨመር አይሆንም?»

«ጥቅሙማ፣ ያዘነ ሰው አይበሰብስም። ይህ አንድ ነው። ጠባቂ እየሻርን ጎረቤት ከጎረቤት ማቀያየማችን ይቀራል። በየጊዜው በግምት አዲስ ዕቃ አንገዛም። ፉፋ ስህተቱን ከመደበቅ ይልቅ ይነግረናል፤ የማይቀጣ ሰው አይደብቅማ። ትልቁ ጥቅም ግን ልጆቻችን የሚረከቡት እድር እኛ ከተረከብነው የተሻለ መሆኑ ነው። ይህ ስብሰባ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የለውም፤ እዚያው ዕቃ ቤቱ በር ላይ የምናወራው ነው። አቶ ወሰኑም ያርፋሉ።»

ሰው ሳቀ፤ አቶ ወሰኑም እያመነቱ ሳቁ። «ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር» አሉ ቀስ ብለው። «ወንበር ስናውስ ተመላሹ በየት በኩል እንደሚቀመጥ ለተዋሹ የነገረው ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አንድ የምንለውጠው ነገር እሱ ይሁን።»

ኦቦ አመዩ አቶ ወሰኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩአቸው ይመስል አተኩረው ተመለከቷቸው።

ወንበሩ የሚቆምበት ቦታ በኖራ ተሠመረ። ከዚያ ወዲህ በሁሉቃ ማዶ ብዙ ሰው ሞተ፤ የሰው ነገር ነውና። ከእያንዳንዱ ሐዘን በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። ምሰሶዎቹ እንዳይምታቱ ቀለም ተቀቡ። ቁልፉ ሁለት ሆነ። የተለወጠው ሁሉ አልሠመረም፤ በጋሪ ዕቃ ማመላለስ ተሞክሮ ጋሪው ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ፤ ተጣለ። ድንቅቱ ሐዘኗ ከበረደላት በኋላ መጥታ ከሴቶቹ ጋር መቀመጥ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብላ ትሰማ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ሽማግሌው ባለጋሪ ኦቦ ኢዶሳ አረፉ። ዝናቡ ያለ ርኅራኄ ዘነበ። ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ደረቅ ድንኳን ውስጥ ገባ፤ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ትኩስ ምሳ በላ። ከዚያ ስለ ኢዶሳ ማውራት ጀመረ። ፈረሱን እንዴት እንደ ልጅ ያቀማጥሉት እንደነበር፣ ምጥ የያዛትን ሴት እንዴት በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት እንዳደረሱ ተወራ። ልጆቹ እያለቀሱ ሳቁ። ስለ ድንኳኑ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም።

ፉፋ ይህ ከንክኖት ወደ ዳኛው ጆሮ ጠጋ አለ። «አባባ፣ ምነው ማንም አላመሰገነንም?»

«ሰው ስለ ኢዶሳ እያወራ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ድንኳን ታዲያ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

በሦስተኛው ቀን የሠሩት ሁሉ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። ኦቦ አመዩ ፊታቸው ፈክቶ፣ ዛሬስ ጉድለት አይገኝም ብለው ዱላቸው ላይ ተደገፉ። ከሴቶቹ አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ፋኖሱ ጋዝ አልነበረውም አባባ። ማታ በጨለማ ነው የተቀመጥነው።»

«አየ ጉድ!» አሉ ኦቦ አመዩ፤ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «አሁን ደግሞ ፋኖስ! መቼ ነው አንድ ቀን ጎደለ ሳትሉኝ የማድረው?»

ድንቅቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ወሰኑ ወደ ሰማይ አዩ። ኦቦ አመዩ በረጅሙ ተነፈሱና ድንጋይ ስበው ተቀመጡ።

«በሉ ቁጭ በሉ» አሉ። «ፋኖሱን መጨረሻ ያየው ማን ነው?»